የልብ ልጓም

በአገራችን ሰው ከቆየ ወዳጁ ጋር ሲገናኝ ወዳጁን ወፍሮ ያገኘው እንደ ሆነ «ተመችቶሃል መሰለኝ» ማለት የተለመደ ነው። ከስቶ ያገኘው እንደ ሆነ ግን «ምን ነካህ? አሞህ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኃብና ተስቦ ሲመላለሱበት በኖረ አገር ሥጋ መልበስ የደኅንነት ምልክት፣ መክሳት ደግሞ የችግር ምልክት ሆኖ መታየቱ የማይቀር ነበር። ሹመት ያገኘ ሰው ሰውነቱ ሞላ፣ ሆዱም ከቀበቶው በላይ ገፋ ብሎ ሲታይ «ወንበሩ ተስማማው» ይባልለታል እንጂ «ልቡ እንዴት ሆኖ ይሆን?» ብሎ የሚያስብለት ብዙ አይገኝም።

ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ይህን የተዘነጋ ጥያቄ ነው። ውፍረት ልብን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኖአል። ጉዳቱ በምን በምን መንገድ እንደሚደርስ ግን ቀስ በቀስ እየተገለጠ የመጣ ነገር ነው። ሊቃውንት ከመንገዶቹ አንዱን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ነርቭ ላይ ደርሰዋል። ይህንንም ነርቭ በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል በመቀስቀስ የወፍራም ሰው ልብ ከጉዳት ሊጠበቅ ይችል እንደ ሆነ በመመርመር ላይ ናቸው። ነገሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ተስፋና ፍጻሜ አንድ አይደሉም። ተማሪዎቻችንና በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉት ወጣቶቻችን ሁለቱን ለይተው እንዲያውቁ በማሰብ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጣለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች መካከል አሥረኛው ቫጉስ ይባላል። ቃሉ የላቲን ሲሆን ትርጓሜው ተንከራታች ማለት ነው። ስሙም የሚገባው ነው። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት ግራና ቀኝ ከታላላቆቹ የደም ሥሮች ጋር ጎን ለጎን ይወርድና በደረት ውስጥ ልብንና ሳንባን ጎብኝቶ፣ ወደ ሆድም አልፎ እስከ ጨጓራና አንጀት ድረስ ይዘልቃል። ከክሮቹም አብዛኞቹ፣ ወደ 80 በመቶ የሚያህሉት፣ ከአንጎል ትእዛዝ የሚያወርዱ ሳይሆኑ ከሆድ ዕቃ ወሬ ወደ አንጎል የሚያደርሱ መልእክተኞች ናቸው።

ልብን በአንዲት ፈጣን በቅሎ ብንመስለው ይህን ነርቭ ልጓም ልንለው እንችላለን። አለንጋው ደግሞ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሌላው የነርቭ ወገን ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲቈጣ ወይም ሲሮጥ አለንጋው ይነሣና ልብ ይፈጥናል፤ አደጋው ሲያልፍ ልጓሙ ይሳብና ልብ ወደ እርጋታው ይመለሳል። ሁለቱም ባይነኩት ልብ በራሱ ምት በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል በመታ ነበር። ጤነኛ ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ ምቱ ከ60 እስከ 80 ባለው መካከል የሚውለው ቫጉስ ልጓሙን ዘወትር ሳብ አድርጎ ስለሚይዘው ነው።

አንባቢያችን ይህን በራሱ ሰውነት ላይ ሊመለከተው ይችላል። ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ ያኑርና በዝግታ ይተንፍስ። አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ምቱ ጥቂት ይፈጥናል፤ ወደ ውጭ ሲያስወጣ ጥቂት ይዘገያል። ይህ መለዋወጥ በሽታ አይደለም፤ ልጓሙ በእጅ መሆኑን የሚያስረዳ መልካም ምልክት ነው። በወጣትነት ጎልቶ ይታያል፤ ዕድሜ ሲገፋና ጤና ሲጓደል ይቀንሳል። ሐኪሞችም ይህን መለዋወጥ በመሣሪያ ለክተው የነርቩን ብርታት ይገምቱበታል።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ረዥም ነው። ቬበር የሚባሉት ሁለት ወንድማማች የጀርመን ሊቃውንት ቫጉስ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ ልብ እንደሚዘገይ፣ ሲበረታም እስከ መቆም እንደሚደርስ በ1845 ዓ. ም. አሳዩ። ነርቩ ለልብ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ግን ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ምሥጢር ሆኖ ቆየ። ምሥጢሩን የፈታው በኦስትሪያ በግራዝ ከተማ ያስተምር የነበረው ኦቶ ሎቪ ነው። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው የምርመራው ዘዴ የታየው በሕልም ነበር። ሌሊት ነቅቶ በቁራጭ ወረቀት ጻፈው፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። በሚቀጥለው ሌሊት ሕልሙ ሲመለስለት ጊዜ ሳያጠፋ ተነሥቶ ወደ መመርመሪያ ክፍሉ ሄደ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ እየመቱ አኖራቸው። የአንደኛውን ልብ ቫጉስ ቢቀሰቅሰው ልቡ ዘገየ። ከዚያም ያ ልብ የነበረበትን ውሃ ወስዶ በሁለተኛው ልብ ላይ ቢያፈስሰው፣ ማንም ነርቩን ሳይነካበት እርሱም ዘገየ። እንግዲህ ነርቩ የሚናገረው በፈሳሽ ቅመም ነው ማለት ነው። ሎቪ ይህን በ1921 ዓ. ም. ለዓለም አስታወቀ። ቅመሙ አሴቲልኮሊን መሆኑ ተረጋግጦ በ1936 ዓ. ም. ሎቪና እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

አሁን ወደ ውፍረት እንመለስ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 ዓ. ም. ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ዐዋቂዎች ቁጥር 2.5 ቢሊዮን ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ 890 ሚሊዮኑ በሽታ ነው የሚባለውን የውፍረት መጠን ያለፉ ናቸው። መጠኑ የሚታወቀው የሰውዬውን ክብደት በኪሎ ወስዶ በሜትር የተለካው ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። ውጤቱ 25 ሲደርስ ክብደቱ ከመጠን አለፈ፣ 30 ሲደርስ ደግሞ በሽታ ሆነ ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው 87 ኪሎ ሲመዝን 30ን አልፎአል።

ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንቅ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ስብ ሕያው ሥጋ ነው፤ ልዩ ልዩ ቅመሞችን እያመነጨ ወደ ደም ይልካል። ከነዚህም አንዱ ሌፕቲን ይባላል። ሌፕቲን ሲበዛ አለንጋ ያልነውን ሲምፓቴቲክ ነርቭ ይቀሰቅሳል። ሌሎቹ ቅመሞች ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጤስ ቍጣ ያስነሣሉ፤ ኢንሱሊንም ሥራውን መሥራት እያቃተው ይሄዳል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ልብ ለሰፋው ሰውነት የሚበቃ ብዙ ደም መግፋት አለበት። ከዚህም የተነሣ በወፍራም ሰው ዘንድ አለንጋው ይበረታል፣ ልጓሙም ይላላል። በቅሎይቱ ሌት ተቀን እየተገረፈች የሚገታት ታጣለች ማለት ነው። የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ ይወፍራል፣ የደም ግፊት ይነሣል፣ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ሰውዬው ግን ለብዙ ዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል።

የልጓሙ መላላት ከንቱ ነገር እንዳልሆነ በ1998 ዓ. ም. የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ አስረድቶአል። የልብ ደም ሥር ተዘግቶባቸው ከሞት የተረፉ 1,284 ሕመምተኞች በሐኪሞች ሲጠበቁ፣ ቫጉሳቸው የደከመባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ።

ልጓሙ መላላቱ ከታወቀ ዘንድ «ለምን አናጠብቀውም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መሣሪያው አዲስ አልነበረም። የኪስ ሰዓት የሚያህል፣ ከደረት በላይ በኩል ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ በቀጭን ሽቦ በአንገት ካለው ቫጉስ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1997 ዓ. ም. መድኃኒት ላልበገረው የሚጥል በሽታ፣ በ2005 ዓ. ም. ደግሞ ለጽኑ የመንፈስ ጭንቀት እንዲሠራበት ፈቅዶአል። በ2004 ዓ. ም. የጃፓን ሊቃውንት ልባቸው በደከመ አይጦች ላይ ይህን ሕክምና ለስድስት ሳምንት ሞከሩ። በ140 ቀን ውስጥ ካልታከሙት አይጦች እኩሌታው ሲሞቱ፣ ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 14 ብቻ ነበሩ።

ስለ ውፍረት የተደረገው ምርመራ ግን ይልቁንም የሚያስደንቀን ከተደረገበት ስፍራ የተነሣ ነው። ምርመራው የተደረገው በታይላንድ ሰሜን በሚገኘው በቺያንግ ማይ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ውጤቱ የታተመው በ2016 ዓ. ም. ነው። ሊቃውንቱ አይጦችን ለ12 ሳምንት ስብ የበዛበት ምግብ እየመገቡ አወፈሩአቸው። አይጦቹም ኢንሱሊን የማይሠራላቸው፣ ልባቸውም የደከመ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለሁሉም መሣሪያውን ቀብረው በአንዳንዶቹ ብቻ ነርቩን ሌላ 12 ሳምንት ቀሰቀሱት። ነርቫቸው የተቀሰቀሰላቸው አይጦች የኢንሱሊናቸው ሥራ ተሻሻለ፣ በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል ቀነሰ፣ ልባቸውም ደምን በመግፋት በረታ። ሊቃውንቱ ወደ ልቡ ሕዋሳት ገብተው ሲመረምሩ፣ ሚቶኮንድርያ የሚባሉት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ጥቃቅን ምድጃዎች ከመበላሸት ድነው ተገኙ። በሌላ አነጋገር ውፍረቱ ምድጃዎቹን ጢስ ሞልቶአቸው ነበር፤ የነርቩ መቀስቀስ ጢሱን ቀነሰው።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያውስ መሣሪያው መጥቶ በየሰዉ አንገት ይግባልን» ሊል ይችላል። እኛ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የአባቶች ቃል ማስታወስ እንወዳለን። የአይጥ ልብና የሰው ልብ አንድ አይደሉም። ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ. ም. የልብ ድካም ባለባቸው 707 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ ውጤት ተገለጠ። መሣሪያው ሞትንም ሆነ የበሽታውን መባባስ አልቀነሰም። ሕመምተኞቹ ኑሮአቸው ጥቂት እንደ ተሻሻለና ርቀው መሄድ እንደ ቻሉ ቢታወቅም፣ ዋናው ተስፋ ግን በዚያ ምርመራ አልተፈጸመም። ምን ያህል ኃይል፣ በየስንት ጊዜው፣ ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚገባ እስካሁን የሚያከራክር ነው። መሣሪያውን ያስቀበሩ ሰዎች ድምፃቸው ሊጎረንንና ሊያስላቸው እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም፤ ወደ ጉሮሮ የሚሄደው ነርቭ ከዚሁ ከቫጉስ የሚለይ ቅርንጫፍ ነውና።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አለ። በ2015 ዓ. ም. የአሜሪካው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለውፍረት የሚሆን አንድ መሣሪያ ፈቅዶ ነበር። ይህ መሣሪያ ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። በጨጓራ አጠገብ ቫጉስን ይዘጋል እንጂ አይቀሰቅስም፤ የተፈለገውም የራብ ወሬ ወደ አንጎል እንዳይደርስ ነበር። በምርመራው መሣሪያው የሠራላቸው ሰዎች ከትርፍ ክብደታቸው ከመቶ 24 ያህል ሲያጡ፣ መሣሪያው ተቀብሮ ሳይሠራላቸው የቆዩት ደግሞ ከመቶ 16 ያህል አጡ። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ስለ ነበረ መሣሪያው ብዙ ሳይስፋፋ ቀረ። እንግዲህ አንዱን ነርቭ ለልብ ሲሉ መቀስቀስ፣ ለሆድ ሲሉ ደግሞ መዝጋት የተፈለገበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ልጓሙን የሚይዝ ሰው የትኛውን ጫፍ እንደ ያዘ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

ቀዶ ሕክምና የማይፈልግ መንገድም እየተሞከረ ነው። ከቫጉስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ጆሮ ይወጣል። በ2020 ዓ. ም. የልብ ምት መዛባት ባለባቸው 53 ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ በጆሮ ቀዳዳ ፊት ባለችው ትንሽ ሥጋ ላይ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ደካማ ኤሌክትሪክ ሲደረግ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምታቸው የሚዛባበት ጊዜ እጅግ ቀንሶ ታየ። ይህ መልካም ወሬ ነው፤ ነገር ግን 53 ሰው ጥቂት ነው፤ ምርመራውም ስለ ውፍረት አልነበረም። ነጋዴዎች ግን ሊቃውንት ጨርሰው እስኪናገሩ አይጠብቁም። በጆሮ የሚሰካ መሣሪያ ሁሉን በሽታ ያድናል የሚል ማስታወቂያ ያየ ወጣት፣ «በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ከማን ጋር ተወዳደረ? የቀነሰው ሞትን ነው ወይስ ቁጥርን?» ብሎ ይጠይቅ። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከብዙ ኪሣራ ያድናሉ።

ጥያቄዎቹን የሚመልስ ሕክምና ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት የልብና የደም ሥር በሽታ ባለባቸው፣ ክብደታቸው ከመጠን ባለፈ 17,604 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2023 ዓ. ም. ሲገለጥ፣ በልብ በሽታ መሞትን፣ የልብ ደም ሥር መዘጋትንና በአንጎል ደም ሥር የሚመጣውን ድንገተኛ አደጋ በአንድነት ከመቶ 20 ያህል ቀንሶ ተገኘ። የነርቩ ሕክምና በወፍራም ሰዎች ዘንድ ከዚህ ደረጃ ገና አልደረሰም። ይህን ስንል ሊቃውንቱን ማቃለላችን አይደለም፤ መንገዱ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ማመልከታችን ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። በአገራችን በ2016 ዓ. ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነው ሴቶች መካከል ከመጠን በላይ የወፈሩት ከመቶ 8 ነበሩ። በ2000 ዓ. ም. ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2016 ዓ. ም. ግን ከመቶ 22ቱ ከመጠን በታች የከሱ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በአንድ አገር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጣራ ሥር፣ መክሳትና መወፈር አብረው ተቀምጠዋል። ውፍረቱም በይበልጥ የሚታየው በከተማ ነው። የከተማው ወጣት ሠራተኛ ጠዋት ከመኪና ወርዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ከወንበር ተነሥቶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። አባቱ ለስብሰባና ለገበያ በእግሩ የሚሄደውን መንገድ እርሱ በታክሲ ይሄደዋል። በበዓልና በድግስ ብቻ ይቀርብ የነበረው ጮማም ዛሬ ደመወዝ በተከፈለ ቍጥር ይቀርባል። ሰውነቱ ግን ያው የአባቱ ሰውነት ነው፤ ለመሄድ የተሠራ።

እነሆ ከዚህ ላይ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሊቃውንቱ በሽቦና በኤሌክትሪክ ሊያጠብቁት የሚደክሙለትን ልጓም ያለ ሽቦ ማጥበቅ ይቻላል። ክብደቱ የቀነሰ ሰው የቫጉሱ ብርታት ይመለስለታል። ዘወትር ሰውነቱን የሚያሠራ ሰው ልቡ በዕረፍት ጊዜ በዝግታ ይመታል፤ የረዥም ርቀት ሯጮች ምት በደቂቃ ከ60 በታች መውረዱ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ይህ በሳምንት ለአምስት ቀን በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ማለት ነው። ከቢሮው ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ የሚወርድ ሠራተኛ ምንም ሳይከፍል ልጓሙን ያጠብቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ስንናገር ግን ከአንድ ስሕተት መጠበቅ ይገባናል። ውፍረት ሁሉ የስንፍናና የሆዳምነት ውጤት ነው ብሎ በወፍራም ሰው ላይ መሳለቅ ዕውቀት የጎደለው ሥራ ነው። ከላይ እንዳየነው ራብና ጥጋብ በነርቭና በደም ቅመም የሚመላለሱ ወሬዎች ናቸው፤ ከወላጅ የሚወረስም ነገር አለበት። ወሬው የተዛባበት ሰው ፈቃዱ ብርቱ ቢሆንም ብቻውን ሲታገል ይደክማል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሳቅ ሳይሆን ሐኪምና የሚያግዘው ወዳጅ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምንለው አለን። የቺያንግ ማይ ሊቃውንት ከዓለም ባለጠጋ ከተሞች በአንዱ የሚኖሩ አይደሉም። ነገር ግን «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ አይጦቻቸውን መግበው፣ ቆጥረው፣ መዝነው፣ ያገኙትን ለዓለም አሳወቁ። የእኛም ሕዝብ በደጋና በቈላ የሚኖር፣ የሚጾምና የሚፈስክ፣ በእግሩ የሚሄድና አሁን መቀመጥ የጀመረ ሕዝብ ነው። ለልብ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ብዙ ጥያቄ የሚገኝበት አገር የት አለ? ጥያቄው በደጃችን ነው፤ የሚያነሣው እጅ ይፈለጋል።

ለወጣት ሹማምንቶቻችንም የምንለው አለን። በአገራችን የደም ግፊቱን አንድ ቀን እንኳ ሳይለካ የሚሞት ሰው ብዙ ነው። በአንገት ስለሚቀበር መሣሪያ ከመነጋገራችን በፊት የክንድ መለኪያው በየጤና ጣቢያው በትክክል መሥራቱን፣ እግረኛ ሳይፈራ የሚሄድበት መንገድ መኖሩን፣ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ በግንብ አለመዋጡን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ይህ ዓይን የወረቀቱን ሥራ በያዙት በእናንተ እጅ ነው። የአንድ ሜዳ ካርታ ሲቀርብላችሁ የምትፈርሙት ፊርማ የብዙ ሰዎችን ልብ የሚነካ መሆኑን አስታውሱ።

የነርቩ ሕክምና ነገ ተፈትኖ ቢያልፍ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ስለ እርሱም ዳግመኛ እንጽፋለን። እስከዚያው ድረስ ግን በቅሎይቱም ልጓሙም የየራሳችን ናቸው። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ በእግራችን የምንሄደው ጥቂት መንገድ ይኑረን፤ ወዳጃችንም ወፍሮ ሲገናኘን «ተመችቶሃል» ከማለት ይልቅ «ልብህ ደኅና ነው ወይ? ና፣ አብረን እንሂድ» ማለትን እንልመድ።